ጅብን ለምን ፈጠረው? ከድሬዳዋ እስከ ባቢሌ፣ የአምስት ቀን ማስታወሻ

ጉዞው የተጀመረው በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ትንንሾቹን ሥነ ፍጥረት አስተምራለሁ። ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በጣታችን እየቆጠርን እናጠናለን፦ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት። ልጆቹ እንደ ዜማ ይሉታል። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነው ያጠናሁት። ታዲያ በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ አየ፣ እጅግም መልካም ነበረ ብዬ ሳልጨርስ አንዷ እጇን አወጣች። «ጅብም?» አለች። «ጅብን ለምን ፈጠረው?»

የሆነ ነገር ብዬ አለፍኩ። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሃያ ሁለቱን በቃሌ አውቃለሁ፤ ግን ከመቼ ወዲህ ነው አንዱን እንኳ ቆሜ ያየሁት? እግዚአብሔርን እወደዋለሁ እላለሁ፣ የእጁን ሥራ ግን የያዝኩት እንደ ፈተና ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ «ነይ እንጂ፣ ሐረር ወስጄ ጅብ አሳይሻለሁ» ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ከመሥሪያ ቤት አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ተነሣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017፤ ድሬዳዋ

ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ጠዋት ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ ድሬ ነሽ። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ አንድ ነገር ብቻ። መተሐራ አካባቢ የፈንታሌ ተራራ በመስኮቱ ሲመጣ ፉርጎው ውስጥ የነበረው ወሬ ቀዘቀዘ። ያን ሰሞን እዚያ አካባቢ መሬቱ እረፍት አልነበረውም። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውን ሳይቀር የነቀነቀን መነሻው ይኸው ሠፈር ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። እኔም አማተብኩ። ተራራው ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ ከሥር የበሰቃ ሐይቅ በፀሐይ ያበራል።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ የዚያ እጥፍ ግድም ከፍታ ላይ ነች። ልዩነቱ ከባቡሩ በር ስወጣ ነው ፊቴ ላይ ያረፈው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ያዝኩ። ልጁ 300 ብር ጠራ፣ 200 አልኩት። «አቦ ግቢ እህቴ፣ የድሬ ሰው በብር አይጣላም» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሰው ሰላም አለ። አዲስ አበባ ቢሆን ተናድጄ ነበር፤ እዚያ ግን ለመናደድም ሙቀቱ አይፈቅድም።

አክስቴ የምትኖረው ከዚራ ነው። ድሬ የባቡር ልጅ ናት፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ ከዚራም ያኔ በእቅድ የተቀየሰ ሠፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ። ከፀሐዩ ወደ ዛፎቹ ጥላ ስትገቢ ቤት የገባሽ ያህል ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ከሳሽ» አለች መጀመሪያ፣ ከዚያ ሳመችኝ።

አመሻሽ ላይ መጋላ ሠፈር ሄደን ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ በላን፣ ከሻይ ጋር ለሁለት 80 ብር። ስንመለስ በደቻቱ አሸዋ በኩል አለፍን። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ያን ቀን ጠብታ ውሃ አልነበረውም። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ግመሎች ያልፋሉ። አክስቴ እዚያ ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይላል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ በዚህ አሸዋ ላይ መጥቶ ከተኙበት ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «ባቡር መስሎኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ባቡር የለም።» ከዚያ ወዲህ ወደ ተራራው ሳታይ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ተራራው ዛፍ ከሌለው ዝናቡ የሚይዘው የለም፤ ይህን ድሬ ላይ መምህር አያስፈልገውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ሌሊቱን ቢንቢ አላስተኛኝም። አጎበሩ እግር በኩል ተቀዶ ኖሯል። ሲነጋ ክንዴ ሁሉ አብጦ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26፤ ደንገጎ፣ ሐረማያ፣ ሐረር

ከአክስቴ ጋር ሚኒባስ ያዝን፣ በሰው 150 ብር። ድሬን እንደለቀቅሽ መንገዱ ደንገጎን መጠምዘዝ ይጀምራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገር ይቀየራል። መስኮት ከፍተን እያለብን ነበር የወጣነው፣ ላይኛው ጠመዝማዛ ላይ አንዷ እናት «ዝጉልን፣ ልጁን ብርድ መታው» አሉ። ከቁጥቋጦ ወደ ማሳ፣ ከአቧራ ወደ አረንጓዴ። ማሽላው ራሱን ደፍቷል፣ አጨዳ ደርሷል። ማክሰኞ የዕፅዋት ቀን ነው፦ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ፣ በምሳር የሚቆረጡ። ይህንን ስንት ዓመት ብዬዋለሁ! ያን ቀን ግን አንዲት ሴት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ማጭዷን ስታዞር አየሁና፣ ለካ ይህ ቃል ወገብ አለው፣ ላብ አለው አልኩ በልቤ።

ሐረማያ ስንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ደግሞ አየር የለውም። ሾፌሩ ጎማውን በባጃጅ ጭኖ ወደ ከተማው ሄደ፣ እኛም መንገድ ዳር ቀረን። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ሁሉም አጉረመረመ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሐይቁ ወረድን።

የሐረማያ ሐይቅን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለሐረር የመጠጥ ውሃ ሆኖ የኖረ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ፣ ከተራቆተው ኮረብታ አፈሩ እየታጠበ ሲገባበት፣ በ1990ዎቹ ደረቀ። ጠፋ ማለት ነው፣ ወለሉ ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ወደ ላይ ማስመጣት ጀመረች። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ ግን ሐይቁ ተመለሰ። ዝናቡም ደግ ሆነ፣ ተፋሰሱ ላይም እርከንና ችግኝ ተሠራ።

ዳር ላይ ድንች የሚኮተኩቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፣ ለጆሮ ደስ የሚል። «ጋሼ፣ ሲደርቅ እዚሁ ነበሩ?» አልኳቸው። «የት ልሄድ?» አሉ። በእጃቸው ወደ ውሃው መሐል አሳዩኝ። «እዚያ ጋ፣ አዎ እዚያ፣ ላሜን አስሬ አውቃለሁ።» አሁን እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ቆማለች፣ ነጫጭ ወፎች ከብበዋታል። ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው። ውሃው የተመለሰ ጊዜ ምን አደረጉ ብላቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው እስኪመሽ እንደቆሙ ነገሩኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ።

እኔ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። አዲስ አበባ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ባልዲ እሞላለሁ፣ ሲቀር አማርራለሁ። ለውሃ አመስግኜ የማውቀው ጠበል ስጠመቅ ብቻ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፣ በጣቶቼ መሐል ይወጣል። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ቆምኩና፣ አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀስታ ደገምኩ። አክስቴ ዳር ላይ ሆና «ጭቃሽን ሐረር ይዘሽ ልትገቢ ነው?» እያለች ትጣራለች።

አወዳይን ሳንቆም አለፍነው። ጫት በየመኪናው ይጫናል፣ ለጂቡቲና ለሶማሌ ገበያ ይቸኩላል። የገበሬው ኑሮ በእሱ ላይ ነውና ፈራጅ አልሆንም፤ የሐረር ቡና ተነቅሎ በቦታው ጫት ሲተከል ማየት ግን ያሳዝናል።

ሐረር ያረፍነው ከአሮጌው ከተማ ግንብ ከጁገል ውጭ፣ የአክስቴ የድሮ ጓደኛ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ሩዝ በሥጋ ሠርተው ጠበቁን፣ «ነገ ጾም ነው፣ ዛሬ ጥገቡ» እያሉ ሁለት ጊዜ ጨመሩልን።

ሲጨልም ወደ ግንቡ ሄድን። ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ ግንብ ነው። ሥሩ ላይ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅብ ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ በልቶ እንዲወጣ የተተወ ነው። አስቡት፣ እኛ ለጅብ በር እንዘጋለን፣ እነሱ በር ሠርተውለታል። ሐረሪዎች ጅቡ ሲመጣ ክፉ መንፈስ ይዞ ይሄዳል ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ የራሴ እምነት አለኝ፤ የከተማውን አጥንትና ቆሻሻ ይዞ እንደሚሄድ ግን በዓይኔ አየሁ።

ጨረቃዋ ገና ቀጭን ናት፣ ገብታለች። ሰማዩ ሙሉ ኮከብ ነው። የሚያበላው ሰውዬ አንድ ቅርጫት ሥጋ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ለሁለታችን 400 ብር ከፈልን። መጀመሪያ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው፣ አረንጓዴ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ። ከዚያ መጡ። ሰባት ድረስ ቆጠርኩ።

አንዱን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ጆሮው ክብ ነው፣ የሕፃን ጆሮ ይመስላል። አፍንጫው እርጥብ ነው። አንገቱ ላይ የድሮ ቁስል ጠባሳ አለ። የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ለካ አያስመስልም! የሠራው እንዲሁ አድርጎ ነው የሠራው። ጅብን ያልሰደብንበት ተረት አለን እንዴ? ሆዳም፣ ፈሪ፣ ቡዳ፣ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ባይ። አንዱም ተረት ጆሮውን አልነገረኝም።

ሰውዬው ሥጋ የተጠመጠመበት እንጨት ሰጠኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ከኋላዬ «በስመ አብ» ትላለች። ጅቡ ቀረበ፣ ትንፋሹ ጉልበቴን አሞቀኝ፣ አጥንት አጥንት ይሸታል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሥጋውን ብቻ ወሰደ። እንጨቱን አልነካም። አጥንት እንደ ቆሎ የሚፈጭ መንጋጋ ነው፣ እንዲህ ቀስ ብሎ መውሰድ ይችላል። ዳዊት መዝሙሩ ላይ ጨለማን ታደርጋለህ፣ ሌሊትም ይሆናል፣ የዱር አራዊትም ይወጡበታል የሚለው ክፍል አለ፤ የአንበሳ ግልገሎችም ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ይሻሉ ይላል። ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ። እዚያ ተንበርክኬ እጄ ላይ የቀረው ባዶ እንጨት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ተመስገን የሚለው ቃል ሳላስበው ወጣ። ስለ ጅብ አመስግኜ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27፤ መድኃኔ ዓለም

የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እትዬ ቀሰቀሱን። የሐረሩ መድኃኔ ዓለም ጁገል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ነው ያለው። ነጠላችንን ለብሰን በብርዱ ስንገባ ከየአቅጣጫው ነጭ የለበሰ ሰው ይፈስሳል፤ ከቅዳሴው በፊት ደግሞ ከመስጊዶቹ አዛን ተሰማ። ሐረር 82 መስጊድ አላት፤ አብዛኞቹ ትንንሽ የሠፈር መስጊዶች ናቸው። ሁለቱ ድምፅ አንድ ሰማይ ላይ ሲገናኝ እትዬ አንዳችም አልገረማቸውም። ሃምሳ ዓመት የሰሙት ነው።

ታቦቱ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ለተቀመጡ አንድ አባት የልጅቷን ጥያቄ አቀረብኩ። አባ ሳቁ። «ኢዮብን አንብበሻል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ኢዮብ ያን ያህል ሲጠይቅ እግዚአብሔር በመጨረሻ ምን መለሰለት?»

ዝም አልኩ።

«ስለ መከራው አንድም ቃል አልነገረውም። አራዊቱን ነው የጠራለት። ቁራውን፣ የተራራ ፍየሏን፣ የሜዳ አህያውን፣ ሰጎኗን፣ ንስሩን። ደግሞ ስማቸውን አይደለም የጠየቀው። መቼ እንደሚወልዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ጫጩቱ ሲርበው ማን እንደሚያበላው ነው የጠየቀው። አንቺ ለልጆቹ ምንድን ነው የምታስተምሪያቸው?»

«ቁጥሩን» አልኩ። ሌላ ማለት አልቻልኩም።

«ቁጥሩም ጥሩ ነው» አሉ፣ ትከሻዬን በመስቀላቸው ነካ አድርገው። «በቁጥሩ ላይ ግን ሂጂና እይው።» ከዚያ አንዲት እናት ጸበል ጻዲቅ ይዘው መጡ፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ። እኛም ተካፈልን።

ከሰዓት በኋላ ጠባቦቹን መንገዶች ስንዞር ዋልን። እንደ አዲስ አበባ መኪና አያባርርሽም፣ ግድግዳው ኖራና ቀለም ነው፣ ሐልዋ ኪሎው ስንት ነው ብለሽ ሳትጠይቂ ቅምሻ እጅሽ ላይ ይደረጋል። ጾም ነው፣ ቅቤ ካለው አልበላም ብዬ ስመልስ ባለሱቋ ሙስሊም እናት ራሷ «ሐቅሽ ነው፣ ነገ ነይ» አለችኝ። ሆጃ የሚሉትን ትኩስ መጠጥ ግን ያለ ወተት አፍልታ ጋበዘችን፣ ብር አልተቀበለችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28፤ ባቢሌ

ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐሙስ የግመል ገበያ አለ። ለውዙን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ነው፤ በላስቲክ 30 ብር፣ ገና ትኩስ።

ገበያው አቧራ ነው፣ ሰውም እንስሳውም አንድ ላይ ይጮኻል። አንድ ወጣት ነጋዴ ለአንዷ ግመል 90 ሺህ ብር እየተባለ እምቢ ይላል። እኔ ገዢ አለመሆኔን ያውቃል፤ ግመሏን ግን ሊያሳየኝ ፈለገ። «ዓይኗን እይ» አለኝ። ሽፋሽፍቷ ድርብ ነው፣ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ፤ አሸዋው እንዳይገባባት። አፍንጫዋን ስትፈልግ ትዘጋዋለች፣ በጣቱ አቧራ በተን አድርጎ አሳየኝ። የእግሯ መዳፍ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ አሸዋ ላይ አይሰምጥም። ልጁ ይህን ሁሉ የሚናገረው እንደ ዕቃ ሻጭ አይደለም፣ ልጁን እንደሚያስተዋውቅ አባት ነው። በመጨረሻ በ95 ሺህም አልሸጣትም።

ከባቢሌ አለፍ ሲል የዳካታ ሸለቆ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሟል፣ የቤት ያህል የሚከብደው ላዩ ላይ በእጅ የተቀመጠ ይመስላል። ስንት ሺህ ዘመን ነፋስና ዝናብ ነው የጠረበው። አክስቴ ሥሩ ለመቆም ፈራች። እኔ ግን ጀርባዬን አስደግፌ ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ይሞቃል። በ1962 ዓ.ም. የተከለለው የዝሆን መጠለያም ከዚሁ ከባቢሌ ይጀምራል፤ ለመግባት መኪናና ጠባቂ፣ ቀንም ይፈልጋል፣ እኛ ሦስቱም አልነበረንም። የምሥራቁ ዝሆኖች የቀሩት እዚያ ናቸው፣ ቁልቋሉን ከነእሾሁ ይበላሉ። ሰውና ከብት ወደ ክልሉ እየገባባቸው፣ አዳኝም እየገደላቸው ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፈቃዴ ለእነሱ ነው፣ ከአሁኑ ብር ማጠራቀም ጀምሬአለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29፤ መልስ

ወደ ድሬ ስንወርድ ሐረማያ ጋ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ» ብዬ ለመንኩት። ቆመልኝ። ሽማግሌው ማሳው ላይ አልነበሩም፣ ጀልባዋ ግን አለች። አክስቴ ጋ አንድ ሌሊት አድሬ፣ አጎበሩን ሰፍቼላት፣ ቅዳሜ ተመለስኩ።

እሑድ ኅዳር 1 ክፍል ገባሁ። ቁጥሩን አላስጀመርኩም። ለውዙን አከፋፈልኳቸውና ጅቡን ነገርኳቸው፦ ጆሮውን፣ ጠባሳውን፣ ትንፋሹን፣ ሥጋውን ብቻ እንዴት እንደወሰደ። በሆዳቸው ተንፈራጠው እንዲስሉት ወረቀት ሰጠኋቸው። የጠየቀችኝ ልጅ ጆሮውን ሁለት ትልልቅ ክብ አድርጋ ሣለችው፣ ከጎኑ እኔን፣ በእጄ እንጨት። ከዚያ ቀና ብላ ክንዴን አየች። የድሬው ቢንቢ የነከሰኝ ገና ቀይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢንቢ።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ቢንቢን ለምን ፈጠረው?» አለችና እርሳሷን ይዛ ጠበቀችኝ።